ኤሲው ከመቀየሩ በፊት፦ በቦሌ ቤቶች የሚወራው ተረትና እውነታው

መጋቢት ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰሚት ወይም ገርጂ ካሉት ቪላዎች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ ይህ ወሬ አይጠፋም። ኮርኒሱ ላይ ያለው የአየር መውጫ ሞቅ ያለ አየር መትፋት ከጀመረ ሰነባብቷል። የተጠራው ባለሙያ ጣሪያ ሥር ገብቶ ወጣና «ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል፤ ሙሉውን መቀየር ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምክር ይጎርፋል። ጎረቤት «ጋዝ አስሞሉት እንጂ ምን አስቀየራችሁ» ይላል። ሜሪላንድ ያለው ወንድም በስልክ «ትልቁን እዚህ ገዝቼ በኮንቴይነር ልላክላችሁ» ይላል። እናት ደግሞ «ድሮስ ከብርድ በቀር ምን ሰጠን?» ይላሉ። ሁሉም ለቤቱ አስበው ነው። ነገር ግን ሴንትራል ኤሲ፣ ማለትም ደጅ በተቀመጠ አንድ ትልቅ ማሽን ኃይል እየቀዘቀዘ በኮርኒስ ውስጥ ባለ ቱቦ ወደየክፍሉ አየር የሚልከው ዓይነት፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ውድ ዕቃ ነው። አንዴ ከተተከለ የቤቱን የመብራት ሒሳብ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ይወስናል። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የሚወራውን ከሚታወቀው መለየት ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ተረት «ቦሌ እንደ ድሮዋ አይደለችም፤ ያለ ኤሲ አይኖርባትም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች አልዋሹም፤ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው በእርግጥ ይግላል። የሳቱት ምክንያቱን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በጣም በሚሞቁት ወራት፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሌሊቱ ወደ 11ና 12 ዲግሪ ይወርዳል። በ25 ዲግሪ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሙቀት አያስጨንቀውም። ሰመራ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ጥላው ራሱ ይፋጃል፣ ሌሊቱም አያሳርፍም፤ እዚያ ኤሲ ቅንጦት ሊባል አይችልም። የቦሌን ሳሎን የሚያግለው ግን በመስታወት የገባ ፀሐይ ነው።

ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ቡልቡላ በቅርብ ዓመታት የተሠሩትን ቤቶች ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ናቸው፤ በረንዳ የላቸውም፣ ጣሪያቸውም ከግድግዳው አልፎ ጥላ አይጥልም። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ወለሉንና ሶፋውን ታሞቃለች፤ ከሞቀው ዕቃ የሚወጣው ሙቀት ግን በመጣበት መስታወት አይመለስም፣ እዚያው ይታፈናል። መጋረጃ የሚያግዘው በጥቂቱ ነው፤ ፀሐይዋ እሱ ላይ ስታርፍ ሙቀቱ ቀድሞ ቤት ገብቷልና። ከመስታወቱ ውጭ የተዘረጋ ሸራ፣ የእንጨት መዝጊያ ወይም አንድ ጥሩ ዛፍ ግን ፀሐይዋን ደጅ ላይ ያስቀራታል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና የእንጨት የመስኮት መዝጊያ ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። እኛ ጌጡን አይተን ሥራቸውን ረሳን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የመስኮቱ አቅጣጫም ይቆጠራል። ከተማችን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ በእኩለ ቀን አናታችን ላይ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ የሚግለው ቆርቆሮው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ግን ዓመቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ይመታል። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ እኩል አይሞቅም፤ ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ክፍሎች ናቸው የሚሞቁት። ለእነሱ ተብሎ ስምንት ክፍል የሚያቀዘቅዝ ማሽን ይገዛል።

ሌሊቱንም አንርሳ። ማታ ትይዩ መስኮቶችን ከፍቶ ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ቀኑን ሲውጡት የዋሉትን ሙቀት ማስወጣት፣ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ዘግቶ ቅዝቃዜውን ማቆየት ይቻላል። ሌባና አቧራ ያሳስባል፤ ለዚያ የብረት ፍርግርግና ወንፊት አለ። ይህ የድህነት ዘዴ አይደለም። እንደ እኛ በደጋ በተሠራችው በሐራሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተውን ኢስትጌት የተባለ ትልቅ የገበያና የቢሮ ሕንፃ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የተለመደው ዓይነት ኤሲ ሳይተክል፣ የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር በኮንክሪቱ ውስጥ እያሳለፈ እንዲቀዘቅዝ አድርጎ ሠርቶታል። ሐራሬ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ ከእኛም ትሞቃለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሽን ማስፈለጉ ከታወቀ «ትልቅ ከሆነ ይሻላል» የሚለው ተረት ይመጣል። እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ ይስታሉ። የማሽኑ አቅም በቢቲዩ ይለካል፤ አንድ ቶን የሚባለው በሰዓት 12 ሺህ ቢቲዩ ነው። በማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የተለካው ለባሕር ጠለል በሚቀርብ አየር ነው። በእኛ ከፍታ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። የቦሌ ነዋሪ ለዚህ ሩቅ ማስረጃ አያሻውም፤ የአየር ማረፊያው መንደርደሪያ ርዝመቱ 3800 ሜትር ገደማ የሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በሳሳ አየር አውሮፕላን ለመነሣት ብዙ መሮጥ አለበት። የኤሲ ማራገቢያም እንዲሁ ነው። በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን አይቀየርም፤ አየሩ ግን ቀላል ስለሆነ ተሸክሞ የሚያደርሰው ቅዝቃዜ ያንሳል። በሌላ በኩል ደግሞ የውጪው አየር ቀዝቃዛና ከክረምት በቀር ደረቅ ስለሆነ ቤቱ የሚፈልገው ቅዝቃዜ ትንሽ ነው። አንዱ ምክንያት ማሽኑን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። ሜሪላንድ ውስጥ በቤት ስፋት ብቻ የተሰላ መጠን እዚህ የማይሠራው፣ ዱባይ የተባለውም የማይሠራው ለዚህ ነው። መስኮቱን፣ አቅጣጫውን፣ የጣሪያውን ዓይነትና ከፍታውን አስገብቶ ማስላት ግድ ነው።

ከልክ ያለፈ ማሽን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሣል። ኮምፕረሰር ብዙ ኃይል የሚስበውና ቶሎ የሚያረጀው በሚነሣበት ቅጽበት ነው። የመብራቱም ነገር አለ። የአምስት ቶን ማሽን በሰዓት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢወስድ፣ በቀን ስድስት ሰዓት ሲሠራ በወር 900 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚያድግ ደረጃ አለው፤ የመጨረሻውና ውዱ ደረጃ ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያለው ነው። ምድጃውና ምጣዱ ሳይቆጠሩ ኤሲው ብቻውን እዚያ ያደርሳል።

ስለ ኮንቴይነሩ ሳልናገር አላልፍም፤ በቅንነት የሚደረግ ስህተት ስለሆነ። ለአሜሪካ ቤቶች የሚሠራው ማሽን በ60 ኸርዝ ለሚሄድ ኤሌክትሪክ የተሰናዳ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ማስተካከል ይቻላል፣ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ወንድም ገንዘቡን ቢልክ ይሻላል።

«ጋዝ በየዓመቱ ይሞላል» የሚለውን ደግሞ እንደ መኪና ነዳጅ አምነን ተቀብለነዋል። የኤሲ ጋዝ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ አይቃጠልም። ጎደለ ማለት የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ሞልቶ የሚሄድ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል፤ በመካከሉ የወጣው ጋዝ ሰማይ ላይ ነው። አሮጌው አር-22 ከሆነ የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል፤ ምድርን በማሞቅም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1800 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

አር-22ን በስም ማወቅ ለቤት ባለቤት ይጠቅማል። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የገባችበት የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ይህን የጋዝ ወገን ደረጃ በደረጃ ያስወግዳል። ለታዳጊ አገሮች በተቀመጠው መርሐ ግብር መሠረት አጠቃቀሙ እ.ኤ.አ. በ2025 በ67.5 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ በ97.5 በመቶ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ዛሬ በርካሽ የሚቀርብ ያገለገለ የአር-22 ማሽን ነገ ጋዝ የሚያጣ ማሽን ነው። በጎኑ ያለችውን የብረት ወይም የወረቀት ሰሌዳ አንብቡ፤ የጋዙ ዓይነት እዚያ ተጽፏል።

«የውስጡ ደህና ነው፤ የውጪውን ብቻ እንቀይር» የሚለው ምክርም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አር-410ኤ የሚባለው ጋዝ ከአር-22 በ1.6 እጥፍ ገደማ ከፍ ባለ ግፊት ይሠራል፤ የሚፈልገው ዘይትም ሌላ ነው። ለአሮጌው ጋዝ የተሠራው የውስጥ ጥቅልል ለአዲሱ ጋዝ አልተዘጋጀም። አዲሶቹ ማሽኖች የሚጠቀሙበት አር-32 ደግሞ በመጠኑ እሳት የሚይዝ ስለሆነ አያያዙን የተማረ ሰው ይፈልጋል። የውጪውና የውስጡ ክፍል አብረው ይቀየራሉ። ሊተርፍ የሚችለው የአየር ቱቦው ነው፤ እሱም ተፈትሾ። የብዙ ቪላ የአየር ቱቦ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ ያ ቦታ የቤቱ ምድጃ ነው። መገጣጠሚያው የሚያፈስ ወይም ሙቀት መከላከያ ያልለበሰ ቱቦ ቅዝቃዜውን ለአይጥና ለአቧራ ያከፋፍላል፤ በጂፕሰሙ ላይ የሚታየው ቡናማ እድፍም አንዳንዴ ከእንዲህ ዓይነቱ ቱቦ ላይ የሚንጠባጠብ ላብ ነው። ማሽኑ ቢቀየር ይህ አይስተካከልም።

ቀሪዎቹን ባጭሩ ላንሳ። ሪሞቱን 16 ላይ ማድረግ በተለመደው ማሽን ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ ማሽኑ ሳያርፍ እንዲቆይ ብቻ ያደርጋል። «ኢንቨርተር ኤሲ» መብራት ሲጠፋ የሚሠራ አይደለም፤ ባትሪ ካለው ኢንቨርተር ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚያገናኘው። ሥራው የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው፣ በዚያም ኃይል ይቆጥባል። የቮልት መዋዠቅ መከላከያ ለማንኛቸውም ያስፈልጋል። ኤሲ ንጹሕ አየር ያስገባል የሚለው በቤት ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም፤ የቤቱን አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል፤ መስኮት መክፈት አይቀርም። ስለ ብርዱ፣ ጉንፋንም ሆነ የሳንባ ምች የሚመጣው ከተሕዋስያን ነው። ግን እናትን ዝም ማሰኘት አይገባም፦ በቀጥታ አንገት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ያማል፣ ጉሮሮ ያደርቃል፤ ሳይታጠብ የከረመ ፊልተርና የውሃ መያዣም ሻጋታ ያበቅላል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሴንትራል ኤሲ የሞተበት የቦሌ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሴንትራል አያስፈልገውም። ለምዕራብ መስኮቶቹ የውጭ ጥላ፣ ለኮርኒሱ ሙቀት መከላከያ፣ ካልበቃም ለሚሞቁት ሁለት ክፍሎች ለየብቻ የሚተከል ትንንሽ ኤሲ (ስፕሊት) ይበቃዋል። ለመቀየር የወሰናችሁ ግን ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከፍታው መግባቱንም አረጋግጡ። አሮጌው ማሽን በሚነቀልበት ቀን ደግሞ እዚያው ሁኑ፤ ባለሙያው ቱቦውን ቆርጦ ጋዙን ወደ ሰማይ ከመልቀቅ ይልቅ ወደ ሲሊንደር እንዲመልሰው እባካችሁ አስገድዱት።