ወገብዎን የሚያምዎ ከመኪናዎ ሊሆን ይችላል? የሚስተካከል ሾክ አብዞርበር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያንብቡ



ዛሬ ትንሽ ለየት ያለ ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ። ሰሞኑን ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 36 ነው። ጎልፍ ጂቲአይ ነው የምነዳው። መኪናውን ዝቅ አስደርጌ ጠንካራ ሞላ ካስገባሁ ወዲህ ሥራ ቦታ ደርሼ ስወርድ ወገቤ ቀጥ አይልልኝም። ጓደኞቼ ‹የሚስተካከል ሾክ ግዛ› ይሉኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ ‹መኪናውን ሽጠው› ትላለች። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ወገቤን አመመኝ ብሎ የሚመጣ ሰው በቀን ስንት ሰዓት፣ በምን ላይ፣ እንዴት ተቀምጦ እንደሚውል መጠየቅ ሥራዬ ነው። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም እንዲጠቅም እዚህ ላይ ላድርገው።

📌 መጀመሪያ ወገብዎ፣ ከዚያ መኪናው

ለዚህ ወንድማችን መጀመሪያ ያቀረብኩለት ጥያቄ ስለ ሾክ አልነበረም። ከታች ካሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ካለ ጋራዥ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው፦

• እግር መዛል ወይም እየባሰ የሚሄድ የእግር መደንዘዝ
• በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት አልወጣ ማለት
• ከወገብ ሕመሙ ጋር ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ
• ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት ሰው ላይ የመጣ አዲስ የጀርባ ሕመም
• ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ ሕመም

በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ድንገተኛ ናቸው፤ «እስኪ ነገ ልየው» አይባልባቸውም።

እሱ ጋ አንዳቸውም አልነበሩም። ሕመሙ የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳ በኋላ ነው፣ ወርዶ ሲራመድ ይቀለዋል፣ ቅዳሜና እሁድ የባለቤቱን መኪና ሲነዳ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ፍንጭ ነው። ሰውዬው አንድ ነው፣ ወገቡም አንድ ነው፤ የተለወጠው መኪናው ነው። እናንተም ከመኪና ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለጥቂት ቀናት በሌላ መኪና ሞክሩት። ወጪ የሌለው ምርመራ ነው።

📌 ንዝረት ወገብን ምን ያደርገዋል?

ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በምቱ ጠብቃችሁ ከገፋችሁት በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል አይደል? የተቀመጠ ሰው አካልም እንዲሁ የራሱ ምት አለው። ከታች ወደ ላይ የሚመጣው ንዝረት በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ አካባቢ ሲሆን የላይኛው አካላችን ከወንበሩ በላይ ይንቀጠቀጣል። የጀርባ ጡንቻዎች ይህንን ለመያዝ ሲጨብጡና ሲለቁ ይደክማሉ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክም ተደጋጋሚ ጫና ይሸከማል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው በከባድ መኪና፣ በትራክተርና በግንባታ ማሽን ሾፌሮች ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ ለሠራተኞች ገደብ አስቀምጧል፦ ንዝረቱ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ተሰልቶ 0.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ መጀመር አለበት፣ 1.15 ደግሞ ማለፍ የሌለበት ጣሪያ ነው። የቤት መኪና በጥሩ አስፋልት ላይ በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ የቤት መኪና ነጂ ወገብ ሲታመም ብዙ ጊዜ ረጅም መቀመጥና መጥፎ አቀማመጥም ድርሻ አላቸው።

ዝቅ የተደረገ መኪና ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ስለሚያንስ ጉድጓድ ሲገኝ መጨረሻ ላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ «ድው» አድርጎ ይመታል። ያ ምት ሳይለዝብ በወንበሩ በኩል በቀጥታ ወደ አከርካሪዎ ይደርሳል። ከተራ ንዝረት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

📌 ሞላ እና ሾክ ሥራቸው ይለያያል

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፣ ሲመታ ይጨመቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሾክ አብዞርበር ደግሞ ሞላው መዝለሉን እንዳይቀጥል በዘይት ግፊት ይይዘዋል። ሾክ ባይኖር መኪናው አንድ ጉብታ አልፎ ረጅም መንገድ እየዘለለ ይሄድ ነበር።

የሾኩን ቁልፍ ስታጠነክሩት ትልልቁን ውዝዋዜ ይገታል፣ ጥቃቅኑን የመንገድ ሻካራነት ግን የበለጠ ወደ ወንበር ያሳልፋል። ስታላሉት ጥቃቅኑ ይለሰልሳል፣ መኪናው ግን ይዋልላል። በጣም ሲዋልል ደግሞ ሆድ ይረብሻል። ማቅለሽለሽ የሚያመጣው በጣም ዝግ ያለ ውዝዋዜ ነውና «ለስላሳ ሁሉ ለጤና ጥሩ ነው» ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ በጣም የላላ ሾክ ጎማው መንገዱን እንዲለቅ ስለሚያደርግ ፍሬን ሲይዙና ሲታጠፉ አደገኛ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሾክን ማላላት የጠነከረ ሞላን አያለሰልስም! በጠንካራ ሞላ ላይ የላላ ሾክ ብታደርጉ ይባስ ብሎ ያነጥራችኋል። ስለዚህ ሾክ ከመምረጥ በፊት ሞላውን መምረጥ ይቀድማል።

📌 ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

«የሚስተካከል» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም።

1. ቁመቱ ብቻ የሚስተካከል። መኪናውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ የሾኩን ጥንካሬ አይነካም። ለምቾት ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

2. ሲመለስ ብቻ የሚስተካከል። የኮኒ ቢጫው የስፖርት ሾክ እንዲህ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን በአንዳንድ መኪኖች የኋላውን ለማስተካከል ሾኩን መፍታት ያስፈልጋል። «ሳይፈታ ይስተካከላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለማስተካከል የሚያስቸግር ሾክ በገባበት ይቀራል።

3. በአንድ ቁልፍ ሲጨመቅም ሲመለስም አብሮ የሚስተካከል። ቢልስታይን ቢ16 በ10 ደረጃ የሚስተካከል ነው። ለብዙ ሰው ይሄ በቂ ነው፤ ለማበላሸትም አስቸጋሪ ነው።

4. መጨመቁና መመለሱ ለየብቻ የሚስተካከል፣ ለምሳሌ ኬደብሊው ቫሪየንት 3። ለሚያውቅበት ሰው ግሩም ነው፤ ለማያውቅበት ግን መጥፎ ቅንብር የማግኘት ዕድሉ ያን ያህል ሰፊ ነው።

5. ከፋብሪካ የመጣ ኤሌክትሮኒክ። አንዳንድ ጂቲአይ ዲሲሲ የሚባል አላቸው። መጀመሪያ «ኮምፎርት» የሚለውን ሞክሩ፣ ምናልባት ችግሩ በነፃ ይፈታል። በተራ ሾክ ከተካችሁት ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለወንድማችን የሰጠሁት ምክር፦ «መጀመሪያ መካኒክ የኋላውን የላስቲክ ማቆሚያ ይይልህ» ነበር። ሲታይ ተቀጥቅጦ አልቋል። ስለዚህ ዋናው ጥፋተኛ ቁመቱ ነበር ማለት ነው። መኪናውን ከፍ አድርጎ፣ መካከለኛ ሞላ አስገብቶ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር 3 ላይ ያለውን ዓይነት እንዲመርጥ ተስማማን።

📌 እንዴት ይስተካከላል?

✅ ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ያድርጉ። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ሾክን ያሳማል።

✅ ደረጃው ከየትኛው ጫፍ እንደሚቆጠር የአምራቹን ወረቀት ያንብቡ። ቁልፉን በኃይል አያጠማዙ። ግራና ቀኙ ሁልጊዜ እኩል ይሁን።

✅ ከላላው ጀምሩ። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው የተሳፋሪ ቁጥር ይሁን። ጉብታ ስታልፉ መኪናው አንዴ ተነሥቶ ከተረጋጋ እዚያው ተዉት። እየተንሳፈፈ ከቀጠለ አንድ ወይም ሁለት «ቀጭ» አጠንክሩና እንደገና ሞክሩ። ትክክለኛው ቦታ መኪናው መዝለል የሚያቆምበት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለወገብ የሚጨምረው ነገር የለም።

✅ በጣም መጠንከሩን የምታውቁት ጭንቅላት ሲነቀንቅ፣ ስታወሩ ድምፃችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንሿ ስንጥቅ ሁሉ ስትሰማችሁ ነው። መመለሱ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ተከታታይ ጉብታ ላይ ሞላው ለመመለስ ጊዜ ያጣና መኪናው እየሰጠመ ማቆሚያው ላይ ይቀመጣል።

✅ ማስታወሻ ያዙ። ከመንዳት በፊት፣ ሲወርዱና በማግሥቱ ጠዋት ሕመማችሁን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሞክሩት። ጓደኛ «አሪፍ ሆኗል» ቢልም ፍርዱ የማስታወሻው ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። ጠዋት በኮብልስቶን ላይ ወጥታችሁ ከሰዓት በአዳማ ፈጣን መንገድ ትሄዳላችሁ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሾክ አይፈልጉም። የሚስተካከል ሾክ ዋና ጥቅሙም ይሄ ነው። ቁልፉን የማትነኩት ከሆነ ግን ጥራት ያለው ተራ ሾክ ይበቃችኋል።

📌 ሾክ የማይፈታው

ሾክ መድኃኒት አይደለም። የወንበሩን መደገፊያ ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉ፣ መቀመጫችሁን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ተቀመጡ፣ የኋላ ኪስ ውስጥ ያለውን ቦርሳ አውጡ። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ወርዳችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተራመዱ። ረጅም መንገድ ነድታችሁ እንደወረዳችሁ ከባድ ሻንጣ አታንሡ፤ መጀመሪያ ተንቀሳቀሱ፣ ወገቡ ይፍታታ። በሳምንት የተወሰነ ቀን መራመድና የጀርባና የሆድ ጡንቻን ማጠንከር ከየትኛውም ሾክ የበለጠ ይጠቅማል።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ አጥንቱ የሳሳ ወይም በቅርቡ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ቅንብሩ በእሱ ልክ ይሁን፤ ከሐኪሙም ጋር ይመካከር። ሥራውን ለባለሙያ ስጡ፣ ቁመት ከተለወጠ በኋላም የጎማ አላይመንት አሠሩ።

ሕመሙ መኪናውን ካስተካከላችሁ በኋላም ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ከላይ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች አንዱ ከመጣ፣ ቁልፉን ማዞር አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ። መኪና ለሚወድ ወገቡን ግን ለሚያማርር ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጤና ይስጥልኝ!