ኮዱ ታደሰ፣ ሰነዱስ?

ፓይዘን 3 የወጣው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የፓይዘን 2 ድጋፍ የተቋረጠው ደግሞ በ2020 መባቻ። በመካከሉ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራባቸው ስለነበር የፕሮግራም ቋንቋውን ሰነድ የሚጽፉ ሰዎች ለሁለት ዓይነት አንባቢ መጻፍ ግድ ሆነባቸው። በድሮው ቨርዥን ፕሪንት ያለ ቅንፍ ይጻፋል፤ በአዲሱ ያለ ቅንፍ አይሠራም። ይሄ ቀላሉ ነው፤ አሮጌውን ምሳሌ ቀድቶ ያስኬደ ጀማሪ ወዲያው የስህተት መልእክት ይመጣለታል። የሚያስቸግረው ማካፈል ነው። 7 ለ2 ሲካፈል ፓይዘን 2 «3» ይላል፣ ፓይዘን 3 ግን «3.5»። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሄዳል። ምሳሌ የሚያድስ ሰው እንግዲህ ከኮዱ ሥር የሰፈረውን ውጤትም እንደገና ማየት አለበት።

ጃቫስክሪፕት ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2015 ተለዋዋጭ ማወጃዎቹ ሌት እና ኮንስት ሲመጡ አሮጌው ቫር አልተሻረም፤ የቆዩ ድረ ገጾች እንዳይበላሹ ሲባል ዛሬም ይሠራል። ታዲያ በየምሳሌው ቫርን እየሰረዙ ሌት መጻፍ የደቂቃ ሥራ ይመስላል። ከ0 እስከ 2 የሚቆጥር ሉፕ ውስጥ፣ ቁጥሩን ከአንድ ሰከንድ በኋላ የሚያትም ኮድ እናስገባ። በቫር ከተጻፈ 3፣ 3፣ 3 ያትማል፤ በሌት ከተጻፈ 0፣ 1፣ 2። «ሦስቴ 3 ለምን መጣ?» ብሎ የሚያስረዳው አንቀጽ በአንዲት ቃል ለውጥ ሐሰት ሆኖ ቁጭ ይላል።

የጃቫስክሪፕቱ ላይብረሪ ሪአክት፣ ያለ ክላስ በፋንክሽን ብቻ ለመሥራት የሚያስችሉትን ሁክስ በይፋ ያወጣው በ2019 ነው። ከክላስ ይልቅ በፋንክሽን የሚጀምረው አዲሱ ሰነድ ግን በይፋ የወጣው በ2023፤ አራት ዓመት ለጀማሪ ረጅም ነው። የሪአክት ሰዎች አሮጌውን ሰነድ ሳያጠፉ በሌላ አድራሻ ማቆየታቸው ግን ደግ አደረጉ ያሰኛል። የድሮ ኮድ የሚጠግን ሰው አሁንም ሞልቷል።

በማሽን የሚያዝ ስህተትም አለ። የፓይዘን ዶክቴስት በሰነዱ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች አስኪዶ ውጤታቸውን ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ረስትም በሰነድ አስተያየት ውስጥ የተጻፈ ኮድን ከሌላው ፍተሻ ጋር አብሮ ይፈትናል። ችግሩ፣ እነዚህ የሚይዙት የተሰበረውን ብቻ ነው። በ2016 ፓይዘን ጽሑፍና ተለዋዋጭን የሚያዋህድበት ኤፍ-ስትሪንግ ቢመጣም፣ በፐርሰንት ምልክት የሚጻፈው የጥንቱ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ስለዚህ ዶክቴስት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ወደ አዲሱ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ነገር ግን ከኮዱ በላይ ያለውን የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር የሚያቃናው ሰው ነው።

አሮጌ ምሳሌ አደጋ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የፒኤችፒ የድሮዎቹ ማይኤስኪውኤል ፋንክሽኖች በ2015 ከወጣው ከፒኤችፒ 7 ጋር ተወገዱ። በነሱ የተጻፉ ብዙ የማስተማሪያ ምሳሌዎች ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ወደ ዳታቤዝ ትዕዛዝ ይቀጥሉታል፤ ለኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ጥቃት በር የሚከፍተው ይሄው ነው። የፒኤችፒ ማኑዋል ገጾቹን አልሰረዘም፤ ፋንክሽኖቹ መወገዳቸውን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ሰቅሎ ወደ ተተኪዎቹ ማይኤስኪውኤልአይ እና ፒዲኦ ይመራል። የፓይዘን ሰነድም «በዚህ ቨርዥን የተጨመረ» የሚል ማስታወሻ ያኖራል፤ ያቺ መስመር በተለይ የምትጠቅመው የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ማዘመን ለማይፈቀድለት ፕሮግራመር ነው።