ለቤት የሚሆን የቪዲዮ ማጫወቻ እንዴት ይመረጣል?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ምስል ሥራውን ሲጀምር፣ ተመልካቹ የሚያየው ጣቢያው በሰዓቱ የሚልክለትን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ኢንተርኔት በገባበት ቤት ሁሉ ምን እንደሚታይና መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ተመልካቹ ራሱ ሆኗል። ምርጫ ሲበዛ ደግሞ ስሕተትም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ በገበያ ቲቪ ቦክስ ተብሎ የሚታወቀውን፣ ከኢንተርኔት የሚመጣ ቪዲዮ በቴሌቪዥን የሚያሳየውን ትንሽ መሣሪያ እንዴት መምረጥ እንደሚገባ ቀጥለን እንመልከት።

በአዲስ አበባ፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። የቤቱ ልጅ በውጭ አገር ተድራ የሠርጓ ቪዲዮ በኢንተርኔት ተልኳል። እናቷ በስልክ ትንሽ መስኮት የልጃቸውን ፊት አጥርተው ማየት አልቻሉም። ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሳቸው ከገንዘቡ ላይ ቀንሰው ቲቪ ቦክስ ለመግዛት አስበዋል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ አንዴ ከጠፋም የሚተካው በሚቀጥለው ዕቁብ ነው። እናንተ በዚህ ቤት ብትኖሩ እናታችሁን ምን ብላችሁ ትመክሯቸው ነበር?

በመጀመሪያ ልብ ልትሉት የሚገባው ነገር ምስሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ቪዲዮው በኢንተርኔት መሥመር ወደ ቤት ይገባል፤ በዋይፋይ ወደ ማጫወቻው ይደርሳል፤ ከማጫወቻውም በኬብል ወደ ቴሌቪዥኑ ያልፋል። በቦይ የሚወርድ ውሃ መጠኑ የሚወሰነው ቦዩ እጅግ በጠበበበት ቦታ ነው። የምስል ጥራትም እንደዚሁ ነው። ከአራቱ አንዱ ደካማ ከሆነ የሌሎቹ ብርታት አይታይም።

እንግዲህ ምርመራውን ከቴሌቪዥኑ ጀምሩ። ከጀርባው ኤች ዲ ኤም አይ የሚባለው ቀዳዳ መኖሩን ተመልከቱ። ቀዩ፣ ቢጫውና ነጩ ቀዳዳ ብቻ ካለው ከፍተኛ ጥራት ያለውን ምስል በዚያ መንገድ ሊቀበል አይችልም። ቀጥሎም የምስሉን ልክ ጠይቁ። ሙሉ ኤች ዲ የሚባለው ምስል ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ ሲሆን፣ አራት ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ነጥብ ነው። ሁለቱን አባዝታችሁ ብታነጻጽሩ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አራት እጥፍ መሆኑን ታገኛላችሁ። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥኑ ሙሉ ኤች ዲ ከሆነ፣ ለአራት ኬ ማጫወቻ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በመስኮቱ ላይ አንድም ነጥብ አይጨምርም።

ከዚያ በኋላ የኢንተርኔቱን መሥመር መርምሩ። ሙሉ ኤች ዲ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ለማየት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ያህል፣ ለአራት ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚመጣ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይፈጃል። አራት ኬ ሲሆን ፍጆታው 6.75 ጊጋባይት ይደርሳል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤት ይህ ከማጫወቻው ዋጋ የበለጠ ወጪ ሊሆን ይችላል።

ማጫወቻውን በሚመለከት ሦስት ነገሮችን አጣሩ። አንደኛ፣ ቪዲዮ ተጨምቆ ስለሚላክ ማጫወቻው የተጨመቀውን የሚፈታ ክፍል ሊኖረው ይገባል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች 265 የሚባለው የአጨማመቅ ዘዴ ከቀዳሚው ከኤች 264 ጋር ሲነጻጸር ለተመሳሳይ ጥራት ግማሽ ያህል ዳታ ይበቃዋል። ይህን ዘዴ የማያውቅ ማጫወቻ ምስሉን ያንቀረፍፋል ወይም ጨርሶ አያሳይም። ሁለተኛ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሜሞሪ መጠን ሁሉ አትመኑ፤ ከእውነተኛው የበለጠ ቁጥር የሚጻፍባቸው ርካሽ ዕቃዎች አሉና። ሦስተኛ፣ በክፍያ ፊልም የሚያሳዩ ድርጅቶች ፈቃድ ለሌለው መሣሪያ ከፍተኛውን ጥራት ስለማይለቁ መሣሪያው ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ለምስል ጥራት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አንዳንድ ርካሽ ቲቪ ቦክሶች ገና ከመሸጣቸው በፊት ጎጂ ፕሮግራም የተጫነባቸው መሆኑን ገልጿል። እንዲህ ያለው መሣሪያ የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መሸጋገሪያ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁሉንም ፊልም ያለ ክፍያ አሳያለሁ የሚል ቦክስ ስታገኙ ከመደሰታችሁ በፊት ተጠራጠሩ።

መሣሪያው ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ከሆነ ደግሞ በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በአገራችን 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

በመጨረሻም በፍላሽ ላይ በኤች 265 የተጨመቀ ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ እፊታችሁ እንዲያጫውት ጠይቁ። መቀየር የሚቻልበትን ጊዜ በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በሱቁ ውስጥ የተቆጠበው አሥር ደቂቃ ኋላ ብዙ ምልልስ ያስከትላል።

አሁን ወደ ሩዋንዳው ቤተሰብ እንመለስ። ቴሌቪዥናቸው ሙሉ ኤች ዲ፣ መሥመራቸውም በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን፣ ፈቃድ ያለው መካከለኛ ማጫወቻ ይበቃቸዋል። ከዚህም በላይ የእናቲቱ ፍላጎት የሠርጉን ቪዲዮ ማየት ብቻ ከሆነ፣ አስቀድሞ የቴሌቪዥኑን የፍላሽ ቀዳዳ መሞከር ብልኅነት ነው። ቪዲዮው በፍላሽ ተቀድቶ በቴሌቪዥኑ ላይ ከታየ፣ ምንም ሳይገዙ የልጃቸውን ፊት አጥርተው ያያሉ፤ የዕቁቡም ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጣል። ስለሆነም ዕቃ ከመምረጥ አስቀድሞ ፍላጎትን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

መልመጃ

1. የምስል ጥራት በቦይ ከሚወርድ ውሃ ጋር የተነጻጸረው ለምንድን ነው?
2. በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚመጣ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ስንት ጊጋባይት ይፈጃል?
3. በቤታችሁ በቅርቡ የተገዛ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ከመገዛቱ በፊት ምን ሊጣራ ይገባ እንደነበረ በሁለት አንቀጽ ግለጹ።