ሥራ መልቀቅም ሥራ ነው

ሥራ ስለመፈለግ ብዙ ተጽፏል። ሲቪ እንዴት ይዘጋጃል፣ ለኢንተርቪው ምን ይለበሳል፣ ስለዚህ ሁሉ የሚነግረን አናጣም። እንዴት እንደሚለቀቅ ግን የሚያስተምረን የለም። ከመካከላችን በክረምትም ሆነ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩ ብዙ ስለሆኑ ነገሩን ላነሳው ወደድኩ።

ከራሴ ልጀምር። ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት ለስምንት ወር የኮምፒውተር ጽሑፍ ሠርቻለሁ። የኮሌጅ ምደባዬን እንደሰማሁ አንድ አርብ ከሰዓት ወጣሁ፣ ሰኞ አልተመለስኩም። በቃ፣ ይኸው ነው። ደብዳቤ የለ፣ ደህና ሁኑ የለ። ከዓመት በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አስፈልጎኝ ስሄድ ጸሐፊዋ ስሜን መዝገብ ላይ ፈልጋ «አንተ እኮ ክሊራንስ አልጨረስክም» አለችኝ። የመሳቢያ ቁልፍ በስሜ ተመዝግቦ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ እቤት ከሳንቲም ጋር ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው (የመንግሥት ሠራተኞች ሌላ አዋጅ አላቸው)። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ የሚባለው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ያለ ሰው ያለማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። እኔ ስምንት ወር ቆይቼ ስለነበር ባለዕዳ ነበርኩ ማለት ነው፤ ያለማስጠንቀቂያ የለቀቀ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪው ክብሩን የሚነካ በደል ከፈጸመበት ግን ወዲያው ሊወጣ ይችላል፣ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

አሠሪውም ግዴታ አለበት። ቀሪ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ሠራተኛው ራሱ ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ ግን ጊዜው ይራዘማል። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤም ያለክፍያ ይሰጣል። በተግባር ግን ብዙ ቦታ «መጀመሪያ ክሊራንስ» ነው የሚባለው።

መልቀቂያው ራሱ አጭር ይሁን። ቀን፣ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ ፊርማ። ቂም የሚወጣበት ወረቀት አይደለም፤ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ስታስገቡ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱና እናንተ ጋ አስቀሩ። አለዚያ ኋላ «አልደረሰንም» ቢባል ምን ትላላችሁ?

ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ግን ለቅርብ አለቃ በቃል መንገር ይገባል። ቀጥሎ አብረዋችሁ ለሚሠሩት። አለቃ ከመዝገብ ቤት ሲሰማ፣ ጓደኛ ደግሞ ከሻይ ቤት ወሬ ሲሰማ ይቀየማል፣ እውነቱን ነው። በቀሩት ቀናት ያልተጨረሰው ሥራ የት እንደደረሰ ጽፎ መፈራረም ነው። ርክክብ ያላደረገ ሰው ስልኩ ለወራት አያርፍም።

ስንብቱን በተመለከተ የእኛ አገር ልማድ ከማንም አያንስም። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ስጦታም አይጠፋም። ተሰናባቹ ደግሞ «ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ» ይላል። ይህችን ቃል ለወጉ ያህል ብቻ የምትባል አድርጌ አያት ነበር። መዋጮ የማይወድላችሁ፣ ወይም የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ድግሱን ተዉትና ጠረጴዛው ድረስ ሄዳችሁ ተሰናበቱት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኞቹንም አትርሱ፤ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ «እንደምን አደርክ» ያሉን እነሱ ናቸው።

ቁልፉን ይዤ በማግስቱ ተመለስኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። ቁልፉ ከተቀየረ ቆይቷል። «ልጄ፣ ያን ሰሞን ታመህ ይሆን ብዬ ሰፈርህን ሳጠያይቅ ነበር» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ፣ ይቅርታ አልኳቸው። ክሊራንሱ ላይ ፈረሙልኝና ታች ካለችው ቡና ቤት ወረድን። ሂሳቡን ልከፍል ስል እጄን መለሱት።

ደብዳቤው ማክሰኞ ተሰጠኝ። ስምንት ወር ይላል።