እንቅስቃሴን የሚያግድና የሚፈቅድ የአንጎል ክፍል

እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ጥቂት የሄሮይን ሱሰኞች እንደ ሐውልት ደርቀው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የሚነገራቸውን ይሰማሉ፤ ጡንቻቸውም አልሰለለም፤ ነገር ግን እጃቸውን ማንሣትም ሆነ መናገር ተሳናቸው። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ ጉዳዩን ሲያጣሩ፣ በሄሮይን ስም የተሸጠላቸው በድብቅ የተሠራ ዕፅ ኤምፒቲፒ በተባለ ውሁድ የተበከለ መሆኑን ደረሱበት። ውሁዱ ያጠፋው በመካከለኛው አንጎል ሰብስታንሺያ ናይግራ፣ ማለትም «ጥቁሩ ቁስ»፣ በሚባለው ሥፍራ የሚገኙትን ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ነበር። የፓርኪንሰን በሽታ በብዙ ዓመታት የሚያደርሰውን ጉዳት መርዙ በቀናት ውስጥ ፈጸመው።

ይህ ሥፍራ ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለው ሥርዓት አካል ነው። ስያሜው በአንጎል ጥልቀት በግራና በቀኝ ተጣምረው ለሚገኙ በርካታ የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶች የወል መጠሪያ ነው። ዋናው መግቢያ ስትራያተም ሲሆን፣ ከአንጎል ቅርፊት የሚመጡትን መልእክቶች ይቀበላል። ከዋና መውጫዎቹ አንዱ ደግሞ የግሎበስ ፓሊደስ ውስጠኛ ክፍል ነው።

አስገራሚው ነገር የመውጫው ሕዋሳት ሥራ ማዘዝ ሳይሆን መከልከል መሆኑ ነው። ጸጥ ብለን በተቀመጥንበት ጊዜ እንኳ በየሴኮንዱ ደጋግመው ምልክት በመላክ፣ ወደ አንጎል ቅርፊት መልእክት የሚያሻግረውን ታላመስን አፍነው ይይዙታል። አንድ ሰው የቡና ሲኒ ሊያነሣ ሲል ስትራያተም እነዚህን ከልካዮች ለአፍታ ዝም ያሰኛቸዋል፤ ታላመስም ይለቀቃል። ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና ፍሬኑ ሲላላ እንደሚንቀሳቀስ ማለት ነው። ከስትራያተም የሚነሣ ሌላ ረዘም ያለ መስመር በአንጻሩ ፍሬኑን ያጠብቃል። ዶፓሚን የመጀመሪያውን መስመር ያበረታል፤ ሁለተኛውን ያደክማል። አንዱ ንጥረ ነገር ሁለት ተቃራኒ ውጤት የሚያስገኘው የሁለቱ መስመሮች ሕዋሳት የሚቀበሉበት ፕሮቲን የተለያየ ስለሆነ ነው። ዶፓሚን ሲጠፋ እንግዲህ እገዳው በሁለቱም በኩል ይበረታል። በሐንቲንግተን በሽታ ግን አስቀድመው የሚጎዱት የሁለተኛው መስመር ሕዋሳት በመሆናቸው፣ ሕመምተኛው ሳይፈልግ እጅ እግሩ ይወራጫል።

እርግጥ ይህ ገለጻ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ያህል ቀለል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በአይጦች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ እንቅስቃሴ ሲጀመር ሁለቱም መስመሮች አብረው እንደሚነቁ አሳይቷል። ምናልባት አንደኛው የተፈለገውን እንቅስቃሴ ሲለቅ፣ ሌላው ተፎካካሪዎቹን ይይዝ ይሆናል።

የካሊፎርኒያ ሕመምተኞች በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ዳግም መንቀሳቀስ ቻሉ። የሞቱት ሕዋሳት ግን አልተመለሱም፤ ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ ራሱ ያላሰቡትን መወራጨት ያመጣባቸው ጀመር።