ቆጣሪው የሚናገረውና ቢሉ የሚለው

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ታክስና ስለ ኪራይ ውል ነው። ዛሬ ግን ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ወርደን ስለ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ እንነጋገራለን። የሒሳብ ሰው ስለ ቆጣሪ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። በዱርንፎንቴን እንጀራ የሚጋግር፣ ልብስ የሚሰፋ ወይም ፍሪጅ ደርድሮ መጠጥ የሚሸጥ ወገን መዝገቡን ሲያመጣልኝ ከኪራይ ቀጥሎ ዓይኔ የሚያርፈው የመብራት ወጪ ላይ ነው። ዱቄቱን በኪሎ አስመዝኖ የሚገዛ ሰው ኪሎዋት ሰዓቱን ሳያይ ይከፍላል።

በሰፈራችን የቀድሞ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተከፋፍለው ይከራያሉ። የከተማው ኤሌክትሪክ ድርጅት፣ ሲቲ ፓወር፣ የሚያውቀው ባለሕንፃውንና ዋናውን ቆጣሪ ነው። ከዋናው ሥር ለየሱቁ የተተከሉት ንዑስ ቆጣሪዎች የባለሕንፃው ናቸው። ብዙዎቻችን ከከተማው ጋር በስማችን የገባነው ውል ስለሌለ የምንከፍለው አከራዩ ወይም የቀጠረው የቢል ድርጅት በሚልክልን ወረቀት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ያ ቁጥር ከቆጣሪው ተነስቶ ወረቀቱ ላይ እንዴት ደረሰ የሚለው ነው።

ቀደም ሲል አንድ ሰው ባትሪ ይዞ እየዞረ ያነብ ነበር። ዛሬ በብዙ ሕንፃዎች ቆጣሪዎቹ በቀጭን ሽቦ ተያይዘው ከአንድ መሣሪያ ጋር ይነጋገራሉ። በዚህ ሽቦ ላይ በብዛት የሚሠራበት የንግግር ሥርዓት፣ ማለትም ፕሮቶኮል፣ ሞድበስ ይባላል። ሞዲኮን የተባለ ኩባንያ በ1979 ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች ያወጣው ነው። አሠራሩ ከቀበሌ ስብሰባ የተሻለ ሥነ ሥርዓት አለው፤ ሳይጠየቅ የሚናገር የለም። አንባቢው መሣሪያ «ቁጥር 12፣ ከዚህ መዝገብ ጀምረህ ሁለት ቁጥሮች ስጠኝ» ይላል። ጥያቄው ለሁሉም ይደርሳል፣ የሚመልሰው ግን አድራሻው 12 የሆነው ቆጣሪ ብቻ ነው። አድራሻው ከ1 እስከ 247 ሊሆን ይችላል። በመልእክቱ መጨረሻ ሲአርሲ የሚባል ማመሳከሪያ ቁጥር ይከተላል። እኛ ከዓምዱ ግርጌ ድምር አስቀምጠን እንደምናመሳክረው መሆኑ ነው። ሽቦው ላይ ብልሽት ገብቶ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማመሳከሪያው አይገጥምም፤ ተቀባዩም መልእክቱን ጥሎ እንደገና ይጠይቃል።

እዚህ ላይ «ኮምፒዩተር ነው፣ አይሳሳትም» የሚሉን ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ማመሳከሪያው የሚመሰክረው መልእክቱ እንደተላከ መድረሱን ብቻ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። የሞድበስ መዝገብ የሚይዘው ከ0 እስከ 65,535 የሆነ ባዶ ቁጥር ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ይሁን የኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ የሚነግረን የአምራቹ መመሪያ ነው። መመሪያውን ያላነበበ ባለሙያ አሥረኛውን እንደ ሙሉ ከቆጠረው ቢሉ አሥር እጥፍ ይሆናል። ይህ እንኳ ያስጮኻልና ቶሎ ይታወቃል።

በፋብሪካ ያሉት የግፊትና የሙቀት መለኪያዎች ከዚህ ይሻላሉ። ከጥንት ጀምሮ የሚናገሩት በ4 እና በ20 ሚሊአምፔር መካከል ባለ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። 4 ባዶ፣ 20 ሙሉ ማለት ነው። ከ0 ያልጀመሩት በብልሃት ነው፤ ፍሰቱ 0 ከሆነ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነውና ከባዶ ጋር አይምታታም። በ1980ዎቹ ሮዝማውንት የተባለው ኩባንያ በዚያው ሽቦ ላይ ሃርት የሚባለውን ፕሮቶኮል ደረበበት። በ1200 እና በ2200 ኸርዝ የሚርገበገብ ድምፅ መሰል ምልክት የመሣሪያውን ስም፣ የልኬቱን መጠንና መስፈርቱን አብሮ ይልካል፤ ዋናውን ፍሰት ሳይረብሽ። ቁጥሩ ከነመስፈርቱ ስለሚመጣ ለስሕተት ያለው ቀዳዳ ይጠብባል።

በእኛ ሕንፃ የሚያሰጋው የማያስጮኸው ስሕተት ነው። አንዱ የአድራሻ ነው። ገጣሚው 12 እና 21ን ቢያቀያይር እናንተ ማቀዝቀዣ ክፍል ያለውን የጎረቤታችሁን መብራት ስትከፍሉ እሱ የእናንተን ይከፍላል። ጠቅላላ ድምሩ ስለሚገጥም ባለሕንፃው ምንም አይታየውም። ሁለተኛው የባለ ትልቅ ጭነት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ዳቦ ቤት ወይም እንጀራ ቤት ቆጣሪው ፍሰቱን በቀጥታ አይለካም፤ ትራንስፎርመር አሳንሶ ይሰጠዋል። 100 ለ5 ከሆነ የተለካው በ20 ይባዛል፣ 200 ለ5 ከሆነ በ40። የተተከለው 100 ለ5 ሆኖ ቆጣሪው ላይ የተሞላው 200 ለ5 ከሆነ፣ 1,500 ኪሎዋት ሰዓት የበላ ሱቅ 3,000 ይጠየቃል። ክረምት ነው፣ ሥራ በዝቷል እየተባለ ዓመት ያልፋል።

ማጣራቱ ቴክኒሻን አይጠይቅም። ሱቁ ሲዘጋ ሁሉንም አጥፉና ቆጣሪው መቆሙን እዩ፤ ካልቆመ ከመስመራችሁ ሌላ ሰው ይጠቀማል፣ ወይም የምታዩት ቆጣሪ የእናንተ አይደለም። ቀጥሎ 3 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበትን ማሞቂያ ብቻ ለአንድ ሰዓት አብሩ። በመሐል ራሱን የሚያጠፋ እንዳይሆን፤ የእንጀራ ምጣድ ለዚህ አያመችም። ቆጣሪው ወደ 3 ገደማ መጨመር አለበት። 6 ከጨመረ ነገሩ የማባዣው ነው። በየወሩ መጀመሪያም የቆጣሪውን ፊት ከነመለያ ቁጥሩ ፎቶ አንሱና ከቢሉ ጋር አያይዙ። በከተማው የኤሌክትሪክ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት መብራት መልሶ የሚሸጥ አከራይ፣ ተከራዩ በቀጥታ ከከተማው ቢገዛ ኖሮ ከሚከፍለው የበለጠ ማስከፈል አይችልም፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ስታቀርቡ ይህንን ጥቀሱ።

የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ ሽቦው እናንተው ናችሁ። 20 አሃዝ ያለው ቶክን ለዚያ ቆጣሪ ብቻ በተሰጠ ቁልፍ የተመሰጠረ መልእክት ነው፤ እናንተ በጣታችሁ ታደርሱታላችሁ። ሥርዓቱ ኤስቲኤስ ይባላል፣ የተወለደውም እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው። በውስጡ ከጥር 1993 መጀመሪያ አንሥቶ የተቆጠሩ ደቂቃዎች አሉ። የቦታው ስፋት 16,777,216 ደቂቃ ብቻ ስለነበረ ኅዳር 24 ቀን 2024 በፈረንጆች ሞላ። ከዚያ በፊት ሁለቱን ልዩ ቶክኖች ያላስገባ ቆጣሪ አዲስ ቶክን አይቀበልም። ያገለገለ ቆጣሪ የሚገዛ ወይም ተዘግቶ የቆየ ሱቅ የሚከራይ ሰው ቁልፍ ሳይቀበል ትንሽ ቶክን ገዝቶ ይሞክር። ደግሞም ቶክኑ የሚያጓጉዘው ራንድ ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ የከፈላችሁትን ራንድ ደረሰኙ ላይ ላለው ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉትና ውጤቱን ከከተማው ታሪፍ ጎን አስቀምጡት። ልዩነቱ የአገልግሎት ክፍያ ከተባለ በኪራይ ውላችሁ ላይ መጻፉን ተመልከቱ።