የተቃጠለ የቫልቭ ራዲዮ ትራንስፎርመርን መልሶ ስለ መጠምጠም

አንድ አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጥቶ ለቤተ ሙከራ ትምህርት ሲቀርብ፣ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት የሚያጉረመርም፣ የሚጨስና የተቃጠለ ቀለም የሚሸት ከሆነ፣ ትራንስፎርመሩ እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ተነቅሎ ይጣላል። ይህ አሠራር ሊታረም ይገባዋል። ትራንስፎርመሩን ያቃጠለው ምክንያት ብዙውን ጊዜ እዚያው ራዲዮው ውስጥ ስለሚቀር፣ የሚተካውም ተመሳሳይ ዕጣ ይደርሰዋል። ከዚህም ሌላ፣ አዲሱን ለመሥራት የሚያስፈልገው መረጃ ከሞላ ጎደል የሚገኘው በተጣለው ዕቃ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ትራንስፎርመር የሚሠራው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥምጥሞችን ጠምጥሞ ባረጋገጠው ሕግ ነው። በአንደኛው ጥምጥም የሚያልፈው ፍሰት በተለዋወጠ ቁጥር በሌላው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ መጠኑም የዙሩን ብዛት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአውሮፓ ተሠርተው በተስፋፉት ራዲዮኖች ውስጥ አንድ ገቢ ጥምጥም የ220 ቮልቱን ኃይል ይቀበላል፤ አንድ ወፍራም ጥምጥም ለቫልቮቹ ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ይሰጣል፤ ሌላው፣ መካከሉ ላይ መውጫ ያለው ቀጭን ጥምጥም ደግሞ በየጎኑ 250 ቮልት ያህል ያቀርባል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቫልቮቹን ስም ማንበብ ያስፈልጋል። ስማቸው «ኢ» በሚለው የላቲን ፊደል የሚጀምር ከሆነ ማሞቂያቸው የ6.3 ቮልት ነው። በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ ግን ማሞቂያዎቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ራዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር የለውም፤ የብረት አካሉም ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ለተማሪ እጅ ፈጽሞ አይሰጥም።

ትራንስፎርመሩ በእርግጥ መቃጠሉን ለማወቅ ቫልቮቹ ሁሉ ይነቀላሉ፤ ወጪ ጥምጥሞቹም ከራዲዮው ይለያሉ። ከዚያም ከገቢው ጥምጥም ጋር በተከታታይ አንድ የ40 ዋት ባለ ክር አምፖል ይገባል። አምፖሉ ደምቆ ከበራ በጥምጥሙ ውስጥ ዙሮች እርስ በርስ ተነካክተዋል ማለት ነው። ደብዝዞ ከቀረ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ገቢው ጥምጥም አለመበጠሱ በቴስተር ይረጋገጣል። ከራዲዮው በኩል በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው፣ ለድምፅ ማውጫው ቫልቭ ለኢኤል 84 ምልክት የሚያቀብለው ትንሹ የወረቀት ኮንደንሰር ነው። ይህ ኮንደንሰር ማሳለፍ ሲጀምር የቫልቩ ፍርግርግ አዎንታዊ ቮልቴጅ ያገኝና ቫልቩ ከልኩ በላይ ፍሰት ይስባል፤ ትራንስፎርመሩም ቀስ በቀስ ይጋያል። ስለዚህ ኮንደንሰሩ ሳይለወጥ ትራንስፎርመር መጠምጠም ድካም ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለትምህርት እጅግ የሚጠቅመው ክፍል ነው። የማሞቂያው ጥምጥም ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል ስለሚገኝና ሽቦው ወፍራም ስለሆነ ቃጠሎን ይቋቋማል። ተማሪዎች ሲፈቱት 37 ዙር አገኙ እንበል። 37 ለ6.3 ሲካፈል ለአንድ ቮልት 5.9 ዙር ያህል ይሆናል። አሁን ደግሞ የብረት እምብርቱ ይለካ። የመካከለኛው እግር ስፋት 2.8፣ የቅጠል ብረቶቹ ድርድር ውፍረት 3 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በቅጠሎቹ መካከል ላለው ክፍተት ጥቂት ተቀንሶለት 8 ካሬ ሳንቲሜትር ይወጣል። ለ50 ሳይክል በሚሠራበት የቆየ ደንብ 45 ለ8 ሲካፈል 5.6 ዙር ይሰጣል። ሁለቱ ውጤቶች ለምን አልተስማሙም? ፋብሪካው ጭነት ሲበዛ በሽቦው ውስጥ የሚጠፋውን ቮልቴጅ ለማካካስ በወጪው ጥምጥም ላይ 5 በመቶ ያህል ዙር ስለ ጨመረ ነው። መምህሩ መልሱን ቸኩሎ ባይናገርና ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ቢተዋቸው ይመረጣል፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ቀመር ይህን ልዩነት አያሳይምና።

እንግዲህ ገቢው ጥምጥም 220 በ5.6 ተባዝቶ 1,232 ዙር፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ማካካሻው ተጨምሮለት በየጎኑ 1,470 ዙር፣ ማሞቂያው 37 ዙር ይሆናል። የሽቦው ውፍረት በሚሸከመው ፍሰት ይወሰናል። ኢሲኤች 81፣ ኢኤፍ 89፣ ኢኤቢሲ 80፣ ኢኤል 84፣ ኢዜድ 80ና ኢኤም 80 ያሉበት ራዲዮ ለማሞቂያ በድምሩ 2.6 አምፔር ስለሚፈልግ፣ 1.15 ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ለገቢው 0.35፣ ለከፍተኛው ቮልቴጅ 0.2 ሚሊሜትር ይስማማል።

በማጠንጠኛው ላይ በመጀመሪያ ገቢው፣ ቀጥሎ ከፍተኛው ቮልቴጅ፣ በመጨረሻ ማሞቂያው ይጠመጠማል። በየረድፉ መካከል ስስ ወረቀት፣ በገቢውና በወጪው መካከል ደግሞ ጠንከር ያለ መከላከያ በርከት ተደርጎ ይገባል፤ የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በዚህ መከላከያ ነውና። ሽቦው ዙር በዙር ጎን ለጎን ካልተደረደረ ጥምጥሙ አብጦ ከእምብርቱ መስኮት አይገባም። የብዙ ጀማሪዎች ሥራ የሚከሽፈው በስሌት ሳይሆን በዚህ ነው። ከ4,000 ዙር በላይ በእጅ መጠምጠምም በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ የመርሐ ግብር አዘጋጆች ሥራውን ለተከታታይ ሳምንታት ሊመድቡት ይገባል። ዙር የሚቆጥረውና ሽቦ የሚይዘው ተማሪም የተለያዩ ቢሆኑ ይሻላል።

መጠምጠም ያልተቻለ እንደሆነ ከሌላ ራዲዮ የተነቀለ ትራንስፎርመር ሊተካ ይችላል። የቮልቴጁ መመሳሰል ብቻ አይበቃም፤ የሚሸከመውም ፍሰት መታየት አለበት። ለ60 ሳይክል የተሠራ የአሜሪካ ትራንስፎርመር በኢትዮጵያው 50 ሳይክል ላይ እምብርቱ ሊያንሰውና ሊግል እንደሚችልም ሊዘነጋ አይገባም።

የተጠናቀቀው ሥራ በመጀመሪያ ያለ ቫልቭ፣ በፊውዝና በዚያው አምፖል በኩል ይሞከራል፤ ሙከራውንም መምህሩ ብቻ ያካሂዳል። አምፖሉ ደምቆ ካልበራ ይወጣና በፊውዙ ብቻ ይለካል። ጭነት ስለሌለው ማሞቂያው 6.6፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ በየጎኑ 262 ያህል ቢያሳይ ትክክል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ከ500 ቮልት በላይ ስለሚሆን ይገድላል። ራዲዮው ተገጣጥሞ ከሠራ በኋላም ትላልቆቹ ኮንደንሰሮች ሶኬቱ ከተነቀለ ወዲያ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ፣ በሬዚስተር ሳይራገፉ አይነኩም። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ራዲዮው ይጠፋል፤ ትራንስፎርመሩ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለው የድምፅ ማውጫው ቫልቭ የሚስበው ፍሰት እንደገና ይመረመራል።